አርቪው ውስጥ የቀረው ውሃ

መስፍኔ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ሰው ስለ ሙት ዓመትህ ሲጠይቀኝ እሺ እያልኩ አልፋለሁ። ለአንተ የምነግርህ ግን ስለ አርቪው፣ አልጋና ቧንቧ ስላለው መኪናህ ነው።

ያው ዩለስ፣ ቤታችን ነኝ፤ አርቪውም አንተ ያቆምክበት፣ ከጋራዡ ጎን ነው። ጡረታ ስንወጣ አገር እናይበታለን ብለህ ገዛኸው፤ ኤርፖርት ሻንጣ ስትጭን፣ ኦቨርታይም አይለቅህ፣ አንድም ሌሊት ሳናድርበት ቀረን። ብርድ ሊገባ ሲል ግን በየዓመቱ ሥሩ ተኝተህ፣ ቧንቧው በብርድ እንዳይፈነዳ ውሃውን ታወጣለት ነበር። ልርዳህ ስልህ «አንቺ ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» ትለኛለህ። ለቧንቧ እንዲህ የምትጨነቅ ሰው፣ ደረትህን ሲይዝህ «ጨጓራዬ ነው» ብለህ ታልፈዋለህ። የያዝኩልህን የሐኪም ቀጠሮ ሺፍት አለብኝ ብለህ ሰረዝከው። በዚያው ሳምንት ሥራ ላይ ወደቅህ።

ያለ አንተ የመጀመሪያው ዊንተር ሲመጣ ከባድ ቅዝቃዜ ይጥላል ተባለ። ወንድምህ መጥቼ አየዋለሁ ብሎ ቀረ። ልጃችን ሊዲያ ከምትኖርበት ከፕሌኖ ደውላ «እማዬ፣ ለምን አትሸጪውም? ማለቴ፣ ማን ይነዳዋል?» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ካፖርቴን ለበስኩ። ቪዲዮ እያየሁ የታንኩን መክፈቻ ከሥር ፈልጌ ውሃውን ለቀቅሁት። የውሃ ማሞቂያው ጠፍቶ መቀዝቀዙን አይቼ እሱንም ባዶ አደረግሁት፤ ቧንቧው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመረው አንቲፍሪዝ ወደ እሱ እንዳይሄድ መስመሩን ዘጋሁ። ከዚያ የፓምፑን ቱቦ አንተ ገዝተህ ባስቀመጥከው፣ ለውሃ መስመር በሚሆነው ሮዝ አንቲፍሪዝ ውስጥ ነክሬ ቧንቧዎቹን በየተራ ከፈትኩ። ሮዝ ሲወርድ እዘጋለሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። አልዋሽህም፣ እየሰደብኩህ ነው የሠራሁት።

ከኋላ በኩል፣ ትንሽ ክዳን ውስጥ፣ የውጭ ሻወር እንዳለው አላወቅሁም። ማን አሳይቶኝ? ብርዱ አልፎ ታንኩን ሞልቼ ፓምፑን ስከፍት ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ይፈስ ጀመር። እዚያ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ሰንጥቆታል። ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀብርህ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ደውዬላት ሊዲያ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። ስለ መሸጥ አላነሳችም። እሷ ባትሪ ይዛልኝ ቱቦውን ቀየርኩት። ከዚያ በረኪና በውሃ በጥብጠን ታንኩ ውስጥ ጨመርን፣ እስከ አፉ ሞላነው፤ ከየቧንቧው ሽታው እስኪመጣ ከፍተን ዘጋን። አሳድረነው ጠዋት ደፋነው፣ ሽታው እስኪጠፋም በንጹህ ውሃ ደጋግመን አጠብነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሊዲያ ጋር ሆነን እኔው ወደ ሐይቅ ነዳሁት። ሐይቁ ከቤታችን አንድ ሰዓት እንኳ አይርቅም። አደርንበት። ጠዋት ከዚያው ቧንቧ ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ሊዲያ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ውሃውን ታያለች። «አባዬ ቢያየው ይወደው ነበር» አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ የተናደድኩትም ለዚሁ ነው። ይህን ያህል ቅርብ ነበር፣ መስፍኔ። አንድ ቀን እረፍት ብትወስድ ይበቃን ነበር።

ሰው ሙት ዓመትህ ላይ ተሰብስቦ ታታሪ ነበር ይልሃል። እውነት ነው፣ እኔም እላለሁ። ለሊዲያ ግን ሌላውንም እነግራታለሁ፤ አባትሽ ለሁላችን ሲለፋ ለራሱ ጊዜ አጣ፣ አንቺ እንደሱ እንዳትሆኚ እላታለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከቤታችን አይጠፋም። ይቅር ማለቱን ግን ገና አልቻልኩበትም።

ባለቤትህ፣
ጽጌ