ሌሊት አረፈ

ሰኞ

ኩላሊት ተገኘ። ከቴሌ የጥሪ ወረቀት መጥቶልን እኔና ልጄ አስቴር አንዲት ጠባብ የስልክ ክፍል ውስጥ ተጋፍተን ገባን። እሷ ወፈር ስለምትል ግማሽ ጎኔ ውጭ ቀረ።

የደወለው ደሳለኝ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን ከልጇ ከማርቆስ ጋር ለትምህርት ሄዶ አንድ ክፍል የሚኖረው። ማርቆስዬ ኩላሊቶቹ ከከዱት ወዲህ ደሙን በማሽን እያጠቡለት ነው ያለው። አሁን በሌላ ከተማ ሆስፒታል አንድ ሰው ሞቶ፣ ኩላሊቱ ለእሱ ይስማማል ተባለ። በበረዶ አሽገው በትንሽ አውሮፕላን ያመጡለታል።

እኔ የራሴን ልስጥ ብዬ ነበር። ዶክተሩ ዕድሜዬን ሲሰማ ሳቀ አሉ። ምን ያስቃል? የስፌት መኪናዬ ከእኔ በጥቂት ነው የምታንሰው፤ ዛሬም ክር አትበጥስም።

ከሰዓት በኋላ ፓስተሩ መጥቶ፣ በሩን ዘግተን፣ በቀስታ ጸለየልን። «ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን የምታውቅ አምላክ» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። ድሮ ኩላሊት ነበር የሚያመላልሰው፤ ዛሬ እሱን ራሱን በአውሮፕላን ያመላልሱታል። አስቴር በክርኗ ጎሸመችኝ። ፓስተሩ ግን «አሜን» ካለ በኋላ ዞር ብሎ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ማክሰኞ

ጉም። ዛሬ የደረሰን ቴሌግራም ያለው ይህንን ነው። እዚያ ጉም ወርዶ አውሮፕላኑ መነሳት አልቻለም። ኩላሊት ደግሞ በረዶ ውስጥም ቢሆን ብዙ አይቆይም፤ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ አለፍ ቢል ነው ብሎናል ደሳለኝ።

ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። የእኛ ሐይቅ ጉም ጨዋ ነው፤ ፀሐይ ስትመጣ ሹልክ ብሎ ይሄዳል። የእነሱን ምን እንደሚያባርረው አላውቅም። አሳ አጥማጆቹን ብጠይቅ ያበደ ሽማግሌ ይሉኛል። ቢሉኝስ?

ጉም መግፋት አልችልም። ጀርመንኛ አልችልም። ዘመኔን ሙሉ ሱሪ ሳሳጥርና ሳስረዝም ኖሬ፣ አንዲት ቀን ማስረዘም አልችልም።

አስቴር እህል አልቀመሰችም። ላስቃት ብዬ ያልዘባረቅሁት የለም። እንደ ሬዲዮ ነው የሰማችኝ።

ረቡዕ



ጠዋት ሌላ ቴሌግራም መጣ። ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ የፈረንጅ። አስቴር በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «ሌሊት አረፈ። እደውላለሁ። ደሳለኝ።» ከዚያ ወረቀቱን ለቀቀችና ደረቷን መታች።

ጎረቤት ጩኸቷን ሰምቶ ጎረፈ። የእድሩ ጥሩምባ ሰፈሩን ዞረ። ወረቀቱን አንስቼ ደጋግሜ አየሁት። ማን እንዳረፈ አይልም። የእድራችን ዳኛ አቶ ሀሜሶ የድንኳን እንጨት አሸክሞ ሲገባ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ማን እንዳረፈ አልጻፈም እኮ። አውሮፕላንም ያርፋል» አልኩት።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አስቴር ከተቀመጠችበት ቀና አለች። «አባዬ፣ በልጄ እንኳ አይቀልዱብኝ።»

ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ፣ ከልቤ በተናገርኩባት ቀን የሚያምነኝ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አላመንኩትም።

ሀሜሶ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ፣ የወረቀቱን ነገር እኔ አላውቅም። እናት ካለቀሰች ድንኳን ይተከላል።» ተተከለ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበርም መጣ። አብዮቱ አንድ ታጋይ ልጁን አጣ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ። ማርቆስ የተላከው ትራክተር ሊማር ነው። መልሱ በአፌ ሞልቶ ነበር፣ ዋጥኩት።

ሐሙስ

ቴሌ ስንጠብቅ ዋልን። አስቴር ጥቁር ለብሳለች። መስመር ሲገኝ ቀድማኝ ገብታ ስልኩን አነሳች፤ እኔ ጆሮዬን ከጆሮዋ አጋጠምኩ።

ደሳለኝ በደስታ ነበር የጀመረው። አውሮፕላኑ ሌሊት አርፎ፣ ኩላሊቱን ወዲያው ገጥመውለት፣ ማርቆስ ነቅቶ ውኃ ጠይቋል። ቃል ለማሳጠር ብሎ ነው «አውሮፕላኑ» የሚለውን የተወው። አስቴር የሰደበችውን ስድብ ከማን እንደተማረችው አላውቅም። ከእኔ አይደለም። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ስልኩ ለእኔ ቀረ።

ቀሪውን የሰማሁት እኔ ነኝ። ኩላሊቱ በረዶ ውስጥ ስለቆየ ደንዝዟል። ገና አንዲት ጠብታ ሽንት አላወጣም። ተኝቷል ይላሉ ዶክተሮቹ። ሊነቃ ይችላል፣ ላይነቃም ይችላል።

ለአስቴር እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ፊቴን አይታ አወቀችው።

ዓርብ

ጥሩምባው ከከተማ ውጭ ቱላ ድረስ ተሰምቶ ለቀስተኛ ሲመጣ ዋለ። ምን እንበላቸው? አልሞተም፤ ዳነ ግን አንልም። አንዲት ዘመዳችን ከበር ጀምራ እያለቀሰች ገባች። ነገሩን ስንነግራት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ቆይታ «እና አሁን ምን ልበል?» አለችኝ። እኔም እሱን ነው የማላውቀው አልኳት። ያመጣችውን ቆጮ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

አስቴር ድንኳኑ ይነሳልኝ አለች። ሀሜሶ ወዲያው አስነሳው።

ፓስተሩ እንደገና ጸለየ። ሽንት የሚለውን ቃል በጸሎት መሃል ለማስገባት አፍሮ «ያ ነገር ይፍሰስለት» አለ። እኔ ሽንትን በስሙ ጠርቼ «አሜን» አልኩ። ማንም አልጎሸመኝም።

ቅዳሜ

ደሳለኝ ደወለ። ዛሬም የለም። ትኩሳትም የለም። እየጠበቁ ነው። የደወለው ማርቆስ ከተኛበት ክፍል ደጃፍ ካለው ኮሪደር ነው።

አስቴር ስልኩን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዚያ እንዲህ አለችው፦ «ግባና በጆሮው ንገረው። አያትህ፣ ትንሽ ሆነህ ፍራሽ ላይ ስትሸና ያሾፍብህ የነበረው፣ አሁን ፍራሹን ብታረጥብ ቃል አልናገርህም ብሏል በለው።»

እኔ እንዲህ አላልኩም። ግን የእኔ ልጅ ናት።

ደሳለኝ አሁኑኑ ልንገረው ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ። እኔና እሷ ጆሯችንን አጋጥመን ጠበቅን። ኮቴ ይሰማል። የብረት ጋሪ ይንኳኳል። ከዚያ ከሩቅ አንድ ድምፅ፣ ወዲያው ደግሞ መስመሩ ተቆረጠ።

ሳቅ ይሁን ሳል እስከ ቤታችን ድረስ ስንከራከር መጣን። እሷ ሳቅ ነው ትላለች። እኔ ለክርክሩ ያህል ሳል ነው አልኳት።