የተቆረጠችው ፊደል

ሰኞ፣ ጥር 6
ሊፍቱ ዛሬም ተበላሽቷል፤ በደረጃ ወጣሁ። ለደም ባንኩ የሠራነው አዲሱ ሲስተም ያለ ችግር ይሄዳል ተብሎ አለቃችን ጥርሱ አልከደን ብሏል። መብረቁም (ለባልደረባችን፣ ጣቱ ስለሚፈጥን ያወጣንለት ስም ነው) "ኮዱን አቀለልኩት" እያለ ይጎርራል። ይጎርር።
እህቴ እታለም ደወለች። ኦፕራሲዮኗ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀጠረ። "እጢ ነው፣ ቆርጦ መጣል ነው" አለች፣ ሽንኩርት የምትልጥ ይመስል። እሷ ስትቀልድ እኔ እፈራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 8
የወሩን ሪፖርት ሳይ... ኤቢ የሚባል ደም አንድም የለም። ኤ ሞልቷል፣ ቢም ኦም አለ። ኤቢ ድሮም ጥቂት ነው፤ ግን ጭራሽ ባዶ?
መብረቁን ጠየቅኩት። "የሌለ ለጋሽ ከየት ላምጣልሽ?" ሳቅን። እኔን ምን አሳቀኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 9
ኮዱን ከፈትኩት። የደም ዓይነቱ ድሮ ስትሪንግ ነበር፤ የፈለገውን ያህል ፊደል ይይዛል። መብረቁ ወደ ካራክተር ቀይሮታል። ካራክተር አንድ ፊደል ብቻ ነው። ኤቢ ሲገባ የመጀመሪያዋን ይዞ ሁለተኛዋን ይጥላል። ስህተት አለ አይልም፣ ዝም ብሎ ይቆርጣል። ኤቢው ደም ኤ ተብሎ ይወጣል።
ኤ የሆነ ሰው ኤቢ ቢሰጠው ሊሞት ይችላል። እታለም ኤ ናት።
ለአለቃችን ነገርኩት። "ሳይሰጡ በፊት ላብራቶሪ ያመሳክራል። ነገር አታክርሪ።" እውነት ያመሳክራሉ?

ዓርብ፣ ጥር 10
መብረቁ ፊቱ አመድ መስሎ መልሶ ስትሪንግ አደረገው። "አለቀ" አለ። ምኑ ነው ያለቀው? የተጣለችው ፊደል እንደሆነ አትመለስም። የደም ከረጢቶቹ ኤ ተብሎ እንደተለጠፈባቸው ደም ባንኩ ፍሪጅ ውስጥ ናቸው።
"ሳይቃጠል በቅጠል፣ ዛሬውኑ እንንገራቸው" አልኩ። አለቃችን፣ "ሰኞ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።" እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥር 13
አለቃችን አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ደም ባንኩ ድረስ ራሴ ሄድኩ።
የላብራቶሪዋ ኃላፊ እናቴን ታህላለች። "ከረጢቶቹን እንደገና ትመረምራላችሁ?" አልኳት።
"ድሮ እዚህም ሆስፒታልም በእጃችን እናመሳክር ነበር፣ ልጄ። የእናንተ ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ማን ይደክማል?"
ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም። ተነስታ ፍሪጁን ቆለፈች፣ ከዚያ ስልኩን አነሳች።

ማክሰኞ፣ ጥር 14
እታለም ደኅና ናት። ለእሷ የተዘጋጀው ከረጢት ሲመረመር ኤቢ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ተሰጣት። ስትነቃ፣ "ፊትሽ ምን ሆኗል? የታመምኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?" አለችኝ። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።
እዚያው አግዳሚው ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ። መሐረባቸውን ሰጡኝ።
"አይዞሽ ልጄ። የኔው ሽማግሌ እንኳ ቅዳሜ ደም ተሰጥቶት ይኸው ኩላሊቱ አልሠራ አለ። ምን እንደነካው ማንም አላወቀም።"
ቅዳሜ። እኔ ያወቅኩት ሐሙስ ነው።
መሐረቡን እንደያዝኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።
"እማማ... እኔ አውቃለሁ" አልኳቸው።