የቀኙ መቀመጫ

ኢንቪክ፣ ኖርድፊዮርድ
እሑድ፣ ሜይ 12 ቀን 2013

ለምወድሽ ልጄ ለራንቫይ፣

ይህ ወረቀት እስኪደርስሽ እዚያ ኒውዚላንድ ብርዱ ይገባ ይሆናል። እዚህ የፖም ዛፎቹ ሊያብቡ ነው፤ ፊዮርዱም ረግቶ ተኝቷል። ጤናዬ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት እሄዳለሁ። ሰዎች «እንዴት ነህ?» ሲሉኝ «አመሰግናለሁ» እላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አይጠይቁኝም። እናትሽ በመከር ካረፈች ወዲህ አላለቀስኩም። ይህን የምነግርሽ እንዲከፋሽ ብዬ አይደለም። ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ ታለቅሳለህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝና እኔ ስለ ዝናቡ አወራሁሽ። ለዚያ ጥያቄሽ መልስ እንዲሆንሽ ነው። ስልክ ላይ ነገር አይወጣልኝም፤ ተቀምጬ ልጻፈው አልኩ።

አስቢዮርግ ከሱቋ ሆና እንደጻፈችልሽ አውቃለሁ። ራሷ ነገረችኝ፣ ያውም ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ። «አርንፊን፣ ለልጅህ ጽፌላታለሁ። ብትቆጣም ተቆጣ፤ ዓሣው ግን ዛሬ የመጣ ነው» አለችኝ። አልተቆጣሁም፤ ዓሣውን ገዛሁ። አንቺም ለሐኪሙ እንደደወልሽ አውቃለሁ፤ በዚህም አልተቆጣሁም። አባትሽ ከሱቁ በታች ባለው መጋጠሚያ የወተት መኪና ፊት ዘው ብሎ መግባቱን፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እዚያው ቦታ በደረሰ ቁጥር መኪናውን አቁሞ፣ ከኋላው ክላክስ እየተደረገበት ንቅንቅ አልል ማለቱን ከሰማሽ ምን ታደርጊ? እኔም ብሆን እደውል ነበር።

ሐኪሙ መርሳት የጀመረኝ መስሎት ነበር። ሰዓት ሳልልኝ አለኝ፤ ሳልኩለት። የንጉሡን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ወሩን ጠየቀኝ፤ ወሩን ነግሬ፣ ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ገና ባለፈው ወር ላይ መሆኑንም አሳየሁት። ሳቀ፤ ግን አልፈረመም። «አእምሮህ ደህና ነው፤ አነዳድህን ግን ሌላ ሰው ይየው» ብሎ ወደ መኪና መንዳት አስተማሪ ላከኝ። በኔ ዕድሜ ያለ ሐኪም ፊርማ መንጃ ፈቃድ አይታደስም። ሌላዋን መኪናችንን በክረምቱ ሸጫታለሁ፤ የቀረችኝ አሮጌዋ ቮልስ ናት። መንጃ ፈቃዱ ከሄደ ቮልሷም ጋራዥ ውስጥ ትቀራለች፤ የሰኔውም የተራራ ጉዞ እንደዚያው።

አሁን የሆነውን እንዳለ ልንገርሽ። ነገሩ መርሳት አይደለም።

እኔና እናትሽ እንዴት እንደምንነዳ ከኋላ ወንበር ሆነሽ አይተሻል፤ ልጅ እያለ ያየውን ግን ሰው ልብ አይለውም። መጋጠሚያ በደረስን ቁጥር እናትሽ «በቀኝ የለም!» ትል ነበር። የሚመጣ ካለ ደግሞ «ቆይ!» ትላለች። ግራው የኔ፣ ቀኙ የእሷ ነበር። ቮልሷን ከገዛንበት ጊዜ አንሥቶ እንዲህ ነው የኖርነው፤ ማን እንደጀመረው እንኳ አላውቅም። የአሮጌ መኪኖች ማኅበር ሰዎች ይቀልዱብን ነበር። ማግናር አንድ ጊዜ በሁሉም ፊት፣ «የአርንፊን አንገት ወደ ግራ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ቀኙን ለቦርግሂልድ በጥሎሽ ሰጥቷታል» ቢል፣ እናትሽ ዋፍሏን እያኘከች፣ «እሱስ ሚስቱ ያለችውን ያምናል። አንተ ያንተዋ ‹ቁም› ስትልህ ሰምተህ ቢሆን ኖሮ ያ የፊት መብራትህ ዛሬም ሁለት በሆነ ነበር» አለችው። ማግናር ሳምንቱን ሙሉ ያንን እየደገመ ሳቀ።

እንግዲህ እናትሽ ካረፈች በኋላ መጀመሪያ ዝም ብዬ ነዳሁ። ግራዬን አይቼ ገባሁ፤ እንደ ልማዴ። የወተት መኪናው ሾፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን አልጽፍልሽም ነበር። ወርዶም አልጮኸብኝም፤ ፊቱ ነጭ ሆኖ መሪው ላይ ተደፋ። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ መጋጠሚያ ላይ እቆማለሁ፤ ቆሜም እቀራለሁ።

አስተማሪዋ ሲሪ ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች። ቮልሷን ዞር ዞር ብላ አየቻትና፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይቺ መኪና ከእናቴ ትበልጣለች እኮ» አለችኝ።

«እንግዲያው አክብሪያት፤ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊ።»

ከተማውን ዞርን፣ አደባባዩን ዞርን፣ ዳገት ላይ አስነሣችኝ። ከሱቁ በታች ካለውም መጋጠሚያ ደረስን። ወደ ቀኝ ዞርኩ። አፍንጫዋን አየሁ፣ ብዕሯን አየሁ፣ ከእሷ ማዶ ባዶውን መንገድ አየሁ። ሄድኩ። ምንም አልነበረውም። ስንጨርስ፣

«በእውነት ነው የምልዎት፣ በእርስዎ ዕድሜ እንዲህ አጥርቶ ወደ ቀኝ የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም» አለችና መጻፍ ጀመረች።

ራንቫይ፣ እዚያ ላይ ዝም ብል ነገሩ ያበቃ ነበር። ዝም ለማለትም አሰብኩ። ግን ያ የወተት ሾፌር መሪው ላይ ሲደፋ ታየኝ።

«ልጄ፣ ጥፋቴን አላየሽም» አልኳት። «አንቺ ስላለሽ ነው። ውረጂና ብቻዬን ስመጣ እዪኝ።»

«ይሄንን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለች። «አልፈዋል ካልኩት በኋላ ሰው ሁሉ ሳልጸጸት በፊት ነው ሮጦ የሚጠፋው።»

ግን ወረደች። ዝናብ ይዘንብ ነበር፤ ኮቷን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መጋጠሚያው ዳር ቆመች። እኔ በጀልባ ማቆሚያው በኩል ዞሬ ተመለስኩ። ደረስኩና ቆምኩ። ግራዬን አየሁ። ቀኜን ለማየት በእናትሽ መቀመጫ በኩል ማየት ግድ ነው፤ ቮልስ ጠባብ ናት፤ ሌላ መንገድ የላትም። አንገቴ መሐል ላይ እስከተሰቀለው መስተዋት ድረስ ይዞራል፤ ከዚያ አያልፍም። ሕመም የለውም። ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ ትራክተር ከቀኝ መጥቶ ፊቴ ሲያልፍ ነው መኖሩን ያወቅሁት፤ ባለ ትራክተሩ እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያም የሚመጣ አልነበረም መሰለኝ፤ እኔ ግን እንደቆምኩ ነኝ። ሲሪ መጥታ በሩን ከፈተች።

«ምን እየጠበቁ ነው?»

«ሰው እንዲነግረኝ።»

እየተንጠባጠበች ገብታ ተቀመጠች። ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘረጋች። በኋላ፣ «እኔ ይሄንን የት ልጻፈው?» አለች። «መቆም ጥፋት አይደለም። ሳያዩ መግባት ነው ጥፋቱ፤ እርስዎ ደግሞ አልገቡም። በደንቡ አልፈዋል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የቀረውን እርስዎ ያውቃሉ» አለችኝ።

ሐኪሙም ፈረመ። መንጃ ፈቃዴ ታድሷል፤ ስለዚህ አትስጊ። በሕግ ፊት ደህና ሰው ነኝ። በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እንደሆንኩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቀው ሰነበትኩ። መልስ አልመጣልኝም። ዝምታውን ለምጄዋለሁ፤ አላማረርኩም። ማግናር መልስ ነበረው።

«ውሻዬን ላውስህ። በቀኝህ አስቀምጠው፤ ሰው ሲመጣ ይጮኻል።»

«በግራ ሲመጣስ?»

«ያኔም ይጮኻል።»

«ማንም ሳይመጣስ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እሱ ሁልጊዜ ነው የሚጮኸው! አንተስ ብትሆን ሁልጊዜ ቆመህ አይደል የምትውለው? ትስማማላችሁ።»

ሳቅሁ። ሳቄን ጆሮዬ ሰማው፤ ከሌላ ክፍል እንደሚመጣ ድምፅ ነበር።

ትናንት ጋራዥ ገብቼ ቮልሷን ሳጥባት ዋልኩ። ለብሔራዊ በዓሉ ሰልፍ ማኅበሩ መኪኖቹን ያወጣል፤ ብነዳትም ባልነዳትም ታጥባ ትቁም ብዬ ነው። ኮፈኑን ወለወልኩ፣ መስኮቶቹን ወለወልኩ። ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ። «አርንፊን፣ የምትፈራው ወንበር ነው እኮ፤ ሽቦና ቆዳ ነው» አልኩ ለራሴ። በቀኝ በኩል ያለውን በር ከፍቼ ገባሁና ተቀመጥኩበት።

ቮልሷ በእጃችን ከገባች ጀምሮ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ በኩል ሌላ መኪና ናት። መሪ የለም። እጅሽን የምታሳርፊበት የለሽም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው መያዣ በቀር። መያዣው በመሐሉ ቀጥኗል። እግሬን ስዘረጋ ቀኝ እግሬ ከአንድ ጉድጓድ ገባ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የወለሉ ጎማ ተበልቶ አልቋል፤ ሥሩ ያለው ብረት ቀለሙ ለቆ ያበራል። በየዓመቱ ያንን ጎማ ጠርጌዋለሁ። የጫማዋ ተረከዝ ነው የበላው እል ነበር። ተረከዝ ግን እዚያ አይደርስም። ረገጥ አድርጌ አየሁት። በዚያ በኩል ፍሬን ቢኖር ኖሮ የሚኖረው ልክ እዚያ ነበር።

ራንቫይ፣ እናትሽ ስትነዳ አይተሻት አታውቂም። እኔም አላየኋትም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ ፍሬን ስትይዝ ኖራለች።

የድሮውን የተራራ መንገድ ታስታውሻለሽ፤ በረዶው በተጠረገ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ የማኅበሩ መኪኖች ተከታትለው በበረዶው ግድግዳ መሐል ሲወጡ። ከኛ በኩል ስትወጪ አለቱ በግራ ነው፤ ገደሉ በቀኝ። በዚያ በኩል ከድንጋይ ችካሎቹ በቀር የሚይዝሽ የለም። እኔ በመስኮቴ አለት እያየሁ እነዳለሁ፤ እሷ የምታየው ገደሉን ነው። በየመጠምዘዣው «እንዴት ያምራል!» ትል ነበር። እኔም ደስ ይለኝና ትንሽ ፈጠን አደርግ ነበር። ጫፍ ስንደርስ ከሁሉም ቀድማ ትወርድና እጇን ጣሪያው ላይ ጭና፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ለውበቱ ታመሰግናለች ብዬ ባርኔጣዬን አውልቄ ከጎኗ እቆም ነበር። ታመሰግን እንደነበር አሁንም አልጠራጠርም።

ለምን አልነገረችኝም? ጉዞውን የምወደውን ያህል ስለምታውቅ ይሆን? ወይስ እሷም እየፈራች ትወደው ነበር? ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ሊገቡ ይችላሉ ብዬ አስባለሁ። አንቺ ከኋላ ሆነሽ እግሯን አይተሽ ከሆነ ንገሪኝ። ካላየሽም ንገሪኝ።

እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አላለቀስኩም። ምድጃ ላይ የጣድኩት ድንች ትዝ ሲለኝ ወጥቼ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ። ድንቹ ፈርሶ ነበር፤ እንደዚያው በላሁት። በልቼ ስጨርስ ነው እጄ የመኪና ቅባት እንደሆነ ያየሁት።

ያሰብኩት ይህ ነው። መንጃ ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ግን ለማግናር ሰጥቻለሁ። ለሰልፉ እሱ ያወጣታል፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ባዶ መቀመጫ ይዤ መጋጠሚያ አልሻገርም። ይህንን አንቺም አልከለከልሽኝም፣ ሐኪሙም አልከለከለኝም፤ ከራሴ ጋር ነው የጨረስኩት። ሱቁ በእግር ይደረሳል፤ ወደ ከተማው አውቶቡስ አለ።

ግን የተራራው መንገድ በሰኔ አጋማሽ ይከፈታል አሉ። ለገና እመጣለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ከቻልሽ በሰኔ ነይልኝ። አንቺ ትነጂያለሽ። ፍሪሲዮኗ ከላይ ነው የሚይዘው፤ ሁለተኛው ማርሽ ደግሞ ካላባበልሽው አይገባም። እናንተ አገር በግራ ስለሚነዳ መንገዱ ይምታታብሻል፤ ከጎንሽ የሚያይልሽ ሰው ያስፈልግሻል። እኔ በቀኝ እቀመጣለሁ። የሚመጣ ከሌለ «የለም» እልሻለሁ፤ ካለም «ቆዪ» እልሻለሁ። ገደሉንም አየዋለሁ። ምናልባት እፈራ ይሆናል። ስፈራ ግን እነግርሻለሁ፤ አንቺም ቁሚልኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ባሕሩን የዘረጋ ጌታ አሻግሮ ያምጣሽ፤ ቤትሽን ከነልጆችሽ ይሸፍንልሽ፤ እኔ ልነግርሽ ያልቻልኩትንም እሱ ያሰማሽ።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ
አባትሽ አርንፊን