ቢጫ መሆን የነበረበት ዱቄት

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

ወጣ! ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል። ቤንዛልዴሃይድና አሴቶን ከሶዳ ጋር ቀላቅዬ ሞለኪውሎቹ ውሃ ጥለው እስኪጣመሩ ጠበቅኩ፤ መጨረሻ ላይ አሲድ ጠብ ሳደርግበት ብርጭቆው ዱቄት ሞላ። ሁለት ልጆቼን በዴሳ ከተማ ለአማቴ ጥዬ ሶዶ ለማስተርስ ስመላለስ ይሄ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። ዓርብ የዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ይዘጋል፤ ናሙናዬ እስከዚያ ካልደረሰ አራተኛ ክረምት ይጠብቀኛል።

አማካሪዬ ዶክተር ማርቆስ ጋ ደወልኩ። "እንኳን ደስ አለዎት ቲቸር!" አለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አሁንም ቲቸር ነው የሚለኝ። ቤትም ደውዬ "ተሳካ" አልኩ።

ማክሰኞ፣ 13

ዝናብ፣ ጭቃ፣ ያበጠ እግር። እስከ ስድስት ሰዓት መብራት የለም። ሲመጣ ዱቄቱ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ለካሁ። መቶ ሃያ ሁለት። መጽሐፉ መቶ አስር ይላል። ደገምኩት፣ ያው ነው። መሣሪያውን ሰደብኩ።

የላቡ ቴክኒሻን አቶ ዳና ሲያልፉ ቆም ብለው አዩ። "ይሄ ቢጫ አይደል እንዴ የሚሆነው?"

ወይ ጉድ! አሥራ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር ይህን አላውቅም ነበር። ዲግሪዬን ስማር ላቡ ባዶ ስለነበር ይህን ሪአክሽን ያየሁት በሰሌዳ ነው። በሰሌዳ ደግሞ ሁሉም ነገር ነጭ ነው።

የቤንዛልዴሃይዱን ጠርሙስ አብረን አየነው። አንገቱ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። እንዳይባክን እየተባለ ስንት ዓመት በጠብታ ሲታደል፣ በተከፈተ ቁጥር አየር እየገባው ብዙው ቤንዞይክ አሲድ ሆኗል። እኔ ያንኑ አሲድ ነው መልሼ ያወጣሁት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

"ለዶክተር ይንገሩት" አሉኝ አቶ ዳና። ነገ አልኩ።

ረቡዕ፣ 14

እውነቱን ልጻፍ፤ ዝም ልል አስቤ ነበር። "መቶ አስር" ብዬ ብጽፍ ማን ያያል? ደክሞኛል። ልጆቼ ናፍቀውኛል። ግን ማርቆስን ተማሪዬ ሳለ ሳይለካ የለካ አስመስሎ ስለጻፈ ዜሮ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዜሮውን ሰጥቼ እንዴት እዋሻለሁ?

ቢሮው ሄጄ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። "ቲቸር፣ ውጤት ተገኘ ብዬ ለዲፓርትመንቱ ደብዳቤ አስገብቻለሁ እኮ።" መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ከዚያ "ሳላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ደብዳቤውን እስባለሁ። ሁለት ቀን አለዎት" አለኝ። ዜሮውን አላነሳብኝም። ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ 15

የተሠራ፦ የተረፈውን ቤንዛልዴሃይድ በሶዳ ማጠብ፣ አሲዱ እንዲወጣ። ማድረቅ። ማጣራት፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ እያተነኑ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ ሁለቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

የተገኘ፦ ሦስት ሚሊ ሊትር ንጹህ። ይኼው ነው። ከፈሰሰ ሌላ የለም።

አቶ ዳና ከምሳ ዕቃቸው ጎደሬ በሚያቃጥል ዳጣ አካፈሉኝ። ቆሜ በላሁ። ዳጣው አስለቀሰኝ፣ እኔም ሰበብ አገኘሁ።

ዓርብ፣ 16

ሦስቱን ሚሊ ሊትር ከአሴቶን ጋር ሶዳው ላይ ጨመርኩት። ወዲያው ቢጫ ሆነ! ጠብቂ አልኩ ለራሴ። ከደቂቃዎች በኋላ ቢጫ ዱቄት ወደ ታች ረጋ። አጣራሁ፣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ። መቶ አስር። አቶ ዳና ለኩ፣ መቶ አስር። ማርቆስ ዝናብ እያንጠባጠበ መጣና ራሱ ለካ፤ ያው ነው።

"ለምርመራ ይበቃል፣ አዲስ አበባ እልከዋለሁ" አለ። "ጥናትዎን የሚገመግመው ኮሚቴ ግን ሁለተኛ ውህድ ጨምሩ ሊል ይችላል፤ ከመስከረም በፊት አናውቅም።" ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን? ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አማቴ ጋ ደወልኩ። "እማማ፣ የሰኞው ስህተት ነበር፤ የተሳካው ዛሬ ነው። እሱም ማለቁን አላውቅም፣ ምናልባት ሌላ ክረምት አለ" አልኳቸው።

"እኔ እኮ ረቡዕ ጸሎት ቤት ሰው ፊት ቆሜ አመስግኛለሁ" አሉ። "አሁን ምን ልበላቸው?"

ይቅርታ ልል ስል ቀደሙኝ። "ተይው። ቀድሜ አመስግኛለሁ ማለት ነው። ነይና ተኚ፣ ልጆቹን እኔ እይዝልሻለሁ።"