ሐሚዳ የጠበቀችው ስልክ

ይድረስ ለውድ ወንድም ዓለም፣ ለአለምሰገድ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ሆነልህ? የጅግጅጋው ነፋስ የትሕትናን ሳል አላባሰባትም? ትንሿ ሮዳስ ጥርስ አወጣች? እኔ ሙቀቱና የሰሊጥ አጨዳው ግርግር አድክሞኛል እንጂ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ለአዲሱ ቤትህ ፋይበር ይሻላል ወይስ ኬብል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ዝም ያልኩህ ንቄህ አይደለም፤ ነገሩ ከሰው ኀዘን ጋር ተያይዞብኝ ነው። በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩልህ።

ከተከራዮቼ አንዷ ሐሚዳ ትባላለች። የሱዳኑ ጦርነት ሲነሳ ከኦምዱርማን ሴት ልጇን ይዛ በገላባት ድንበር በኩል የተሻገረች ናት። ባሏና የበኩር ልጇ እዚያው ቀሩ። ስምንት ወር ሙሉ ድምፃቸውን ሳትሰማ ቆይታ፣ በመስከረም አንድ እሑድ ከሰዓት ባሏ በቪዲዮ ደወለ። «ልጃችን…» እንዳለ ምስሉ ደረቀ፤ መስመሩም ተቆረጠ። መልሳ ብትደውል ዝግ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ይዛ ተቀመጠች፤ እህል አልወርድላት አለ።

እኔም ቤቱን «ከነዋይፋዩ» ብዬ ያከራየሁ ነኝና አፈርኩ። መስመር የሚዘረጋውን ደረበን ጠራሁት። አሮጌው ኬብል ከሰፈሩ ሁሉ ጋር የምንጋራው ነው፤ ሁሉም ቧንቧውን ሲከፍት ውኃው እንደሚቀጥነው ይቀጥናል አለኝ። ፋይበሩ ግን በመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን እየሄደ እስከ ደጃችን ይደርሳል፤ ምስል ለመላክም አይሰስትም። አስገባሁ። ጠዋት ጠዋት ሲሞከር እንከን አይወጣለትም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ያውም ተከራዮቹ ሁሉ ኳስ በሚያዩበት ሰዓት፣ ባሏ ደወለ። ፊቱ ይታያል፤ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። ለደረበ ብደውልለት፣ «እትዬ አገኘሽ፣ ፋይበርም ቢሆን ያስገባሽው ትንሹን ፍጥነት ነው፤ ስድስት ክፍል ሲሻማበት ምን ያድርግ?» አለኝ። እየሮጥኩ በየበሩ አንኳኩቼ ዋይፋያችሁን ዝጉ አልኩ። ከተከራዮቼ አንዱ፣ የሰሊጥ ደላላው ቢሻው፣ «እትዬ፣ ኳሱ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው» ብሎ ለመነኝ።

«እሷ ስምንት ወር ጠብቃለች» አልኩት።

ወዲያው ዘጋው። ሌሎቹም ዘጉ።

የሰውየው ድምፅ ጠራ። ልጁ ከሞተ አራት ወሩ ነው። የተቀበረበትን ቦታ ሳይቀር ነገራት። እንዲያ ጥርት ብሎ የተሰማ መርዶ ሰምቼ አላውቅም፣ ወንድሜ። መስመሩን ያስገባሁት እኔ መሆኔን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ሦስት ቀን በግቢያችን ዋይፋይ የከፈተ ሰው የለም፤ ቢሻውም ሥራውን ትቶ ከለቀስተኛው ጋር መሬት ተቀምጦ ዋለ። በኋላ ሐሚዳ እጄን ይዛ፣ «ባላውቅ ኖሮ በየቀኑ ይሞትብኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ካለችኝ ወዲህ ትንሽ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

አንተም ከተገኘ ፋይበሩን አስገባ፤ ግን ለስንት ቤት እንደሚከፋፈል አስቀድመህ ጠይቅ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።

ትሕትናን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሮዳስንም አገላብጠህ ሳማት። አማትህን እሜቴ አሰበችን «አገኘሽ እጅ ነሥታለች» በልልኝ። ሐሚዳም ሰላም ብላሃለች። አታውቂውም እኮ ብላት፣ «ወንድምሽ በሕይወት አለ፤ ሰላም በይልኝ» አለች።

እህትህ አገኘሽ
መተማ ዮሐንስ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.