የአባዬ ሲጋራ

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? የመርከቡ መናወጥ አሁንም ያስመልስሃል ወይስ ሆድህ ባሕሩን ለመደው? ወገብህን ተሻለህ? እንቅልፍስ ታገኛለህ? እኔ ናፍቆትህ አላስቀምጥ ብሎኛል። እኛ ሁላችን ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ ግን ስልክ የማይደርስበት ቦታ ላለ ሰው ውሸት መጻፍ ነውር ነው፣ ለቤታችን ደግሞ ያለው ውሸት ይበቃዋል።

አባዬን የጉሮሮ ካንሰር ይዞታል። አንተ ስትሄድ ድምፁ ሻከር ብሎ ነበር፤ ቤት ሲያሻሽጥ ሲለፈልፍ እየዋለ ነው ብለን ስቀንበት አልነበር? ኋላ አንገቱ ላይ እብጠት ወጣ። ከቶንሲሉ ቁራጭ ሥጋ ወስደው ወደ ላቦራቶሪ ላኩና ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ እሱን፣ እማዬንና እኔን አስቀምጣ አስረዳችን።

በሴሎቹ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ተገኝቷል አለች። ይህ ምልክት በሽታው ከቫይረስ የመጣ መሆኑን ይጠቁማል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ለሕክምና ቶሎ ይሸነፋል፣ ብዙው ሰው ይድናል። ሲጋራ አጭሶ ለማያውቅ ሰው ሆስፒታሉ በጥናት መልክ ቀለል ያለ ጨረር ስለሚሰጥ ምራቁም፣ መዋጫውም፣ ድምፁም የመትረፍ ዕድል አላቸው አለችን። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ የአባዬን እጅ ጭምቅ አደረግኩት።

እማዬ ግን ቫይረሱ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀች። ሐኪሟ ሳትደብቅ ነገረቻት፤ በወንድና በሴት ግንኙነት፣ በአፍም ጭምር ይተላለፋል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይዞት እንደሚኖር፣ ከጋብቻ በፊት የገባ ሊሆን እንደሚችልም ጨመረችላት። ይኼኛው በእማዬ ጆሮ አልገባም። ቦርሳዋን አንስታ ወንበሯን ከአባዬ ወንበር አራቀች።

ሐኪሟ ቀጥላ ሲጋራ አጭሶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። አባታችንን ታውቀዋለህ፣ ጣሪያው የተቀደደ ቤት አየር እንደ ልብ የሚገባበት ነው ብሎ የሚያሻሽጥ ደላላ ነው። ዓይኑን ሳያሽ ሠላሳ ዓመት ከቤተሰቤ ተደብቄ በቀን አንድ ፓኮ አጭሻለሁ፣ ያመመኝም እሱ ነው አላት። ጎኑ የተቀመጠ ተሳፋሪ ሲጋራ ሲያወጣ ከታክሲ የሚወርደው አባዬ! ሐኪሟም ያለውን ጻፈች። ቀላሉ ቀረና ከባዱ ጨረር ከኬሞ መድኃኒት ጋር ታዘዘለት።

ኮሪደር ላይ ይዤው ምን ነካህ ብለው፣ ለእናትሽ ሲጋራው ይሻላታል አለኝ። ተመልሼ ገብቼ አባቴ ዋሽቷል አልኩ። ሐኪሟም እማዬን ጠርታ ጠየቀቻት። ሠላሳ ዓመት ሸሚዙን ያጠበች፣ ትራሱን የተጋራች ሴት፣ እሱ አጨስኩ ካለ አጭሷል፣ እኔ ባሌን ውሸታም አላሰኝም ብላ ቁጭ አለች። ሐኪሟም የጻፈችውን አልቀየረችም።

ቤት ገብተን ከእማዬ ጋር ብቻችንን ስንሆን ጮኽኩባት። ሳህን ማጠቧን ሳታቋርጥ፣ ለሌላ ሴት ያንሾካሾከበት ድምፅ ቢጠፋ እኔ ምን ይቀርብኛል አለችኝ። ወንድሜ፣ እናቴን ያን ቀን ጠላኋት። አባዬንም ጠላሁት። እውነት ሌላ ሴት ይኑር አይኑር ግን እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም።

በማግሥቱ አባዬ ሲጋራ ገዝቶ መጣ። ውሸቱን እውነት ሊያደርገው ነው መሰለኝ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለኮሰ። ዓይኑ እስኪቀላ ሲያስል የታመመው ጉሮሮው የሚበጠስ መሰለኝ። ልነጥቀው ስሄድ እማዬ እጄን ይዛ መለሰችኝ። ከሱቅም የመስታወት መተርኮሻ ገዝታ መጥታ ከመድኃኒቱ አጠገብ አስቀመጠችለት። እሱም እግዜር ይስጥሽ አላት።

ሕክምናው ነገ ይጀመራል። ይህ ደብዳቤ ወደብ ላይ እጅህ ሲገባ ብዙው አልፎ ይሆናል። ቢሆንም እንደደረስክ ደውል። አባዬ መናገር ከቻለ ያናግርሃል፣ ካልቻለ ስልኩን እኔ አነሳዋለሁ፣ አንተ አውራው፣ እሱ ይስማህ።

ትንሿ እህታችን ጉንጭህን ትስምሃለች፣ ዛጎል እንዳትረሳባት። አባዬ ልጄ በርታ፣ ራስህን ጠብቅ ይልሃል። እማዬም ናፍቆትህ ሊገድለኝ ነው ብላሃለች። እሷም ሁለት መስመር ትጨምርልህ ዘንድ ብጠራት እጄ ሥራ ይዟል አለችኝ፤ በረንዳው ላይ ለአባዬ ክብሪት እየጫረችለት ነው።

እህትህ
ከቤታችን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ