ወራጁ ላይ ያለው አቧራ

ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድክበት ሁሉ ከለላ ይሁንህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጠቅልላ ልጇ ጋ ሄዳለች። አሁን በግድግዳው በኩል «አደርሽ ወይ» የሚለኝ የለም።

እንጨት መሰንጠቂያ ሥራ መግባትህን ከእህትህ ሰማሁ። ለምን እንደደበቅከኝ አይጠፋኝም። አባትህ መሰንጠቂያው ውስጥ እንዴት እንደሞተ፣ ከእሳቱ የተረፈው የሥራ ጓደኛው አጫውቶኛል። ወለሉን ሁልጊዜ ይጠርጉ ነበር፤ ጣሪያው ሥር ያለውን ወራጅ ግን ቀና ብሎ የሚያይ አልነበረም። አንድ ቀን እንግዳ ይመጣል ተባለና፣ እላዩ ላይ የተከመረውን ሰጋቱራ በአየር ቱቦ እየነፉ አራገፉት። ቤቱ በብናኙ ጉም የገባበት መሰለ። መጋዙን አላጠፉትም ነበር፤ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ በቃች፣ ብናኙ ተቀጣጥሎ አየሩ ራሱ ፈነዳ።

አንተም ስትገባ ቀና በል። ወራጁ ላይ አቧራ ካየህ ለአለቃህ ንገረው፤ «ይሄ መጤ አበዛው» ቢሉህ ይበሉህ። ማሽኑ ጠፍቶ ቀስ ተብሎ ይጠረግ እንጂ አይራገፍ።

የእኔ ቁም ሣጥን ላይም አቧራው ተከምሯል። ልጠርገው ወንበር ላይ ስወጣ ወንበሩን የምትይዝልኝ አንተ ነበርክ። የእኔው ይቆይ፣ ያንተ ግን አይቆይ። ፈጣሪ ሙሉ አካልህን ጠብቆ ይመልስህና ወንበሩን ያዝልኝ።

እናትህ